ሚቲንጉ ኮልድ ኦፍ ሆኗል ሲሉህ አትሂድ

አንድ አንባቢ አለቃው «የነገው ሚቲንግ ኮልድ ኦፍ ሆኗል» ብሎ ሜሴጅ ላከበት፣ እሱ ደግሞ ኮል ማለት ጠራ አይደል ብሎ በጠዋት ሲሄድ ክፍሉ ተቆልፎ ጠበቀው። «መጥራት እንዴት መቅረት ይሆናል? በአማርኛስ ተሰረዘ ልበል ተራዘመ?» ይላል።

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ተራዘመን አውጣት፣ እሷ ፖስትፖን ናት፣ ሌላ ቀን አላት። ኮል ኦፍ ጭራሽ ቀረ ነው። ነገሩን በአደን አስበው፣ ውሻው የሚያባርረውን ትቶ እንዲመለስ ጌታው ሲጠራው ኮል ኦፍ ይባላል፣ ለስብሰባም ለአድማም እንደዛው ይባላል። እኛስ «ቁጭ አለ» ስንል ማን «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል? አለ እዛ ጋ መናገሩን ረስቷል፣ ኮልም እንደዛው። ተውላጠ ስም ከመጣ ግን የግድ መሀል አስገባው፣ ኮል ኢት ኦፍ እንጂ ኮል ኦፍ ኢት አይባልም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ «ለሁሉም ሰረዘ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሰረዘ የነጠላ ሰረዝና የድርብ ሰረዝ ዘመድ ነው እኮ፣ ጽሑፍ ላይ ነው ስራው፣ ስም ከዝርዝር ይሰረዛል፣ ቲኬት ይሰረዛል። የሚገርመው ካንስልም እንደዛው ነው፣ በላቲን ካንሴሊ ፍርግርግ ነው፣ ጽሑፉን ፍርግርግ እያስመሰሉ መሰረዝ ማለት ነው፣ ቻንስለር የሚባለው ሹመትም ከዚሁ ፍርግርግ ወጣ፣ ድሮ ችሎት ፍርግርጉ ጋ የሚቆም ሰውዬ ነበር (ይሄ አንተን አይጠቅምህም ግን ዝም ማለት አቃተኝ)። እንግሊዞቹም ቲኬት ካንስል ያደርጋሉ እንጂ ኮል ኦፍ አያደርጉም። ሠርግ ግን ወረቀት ነው እንዴ? ሠርግ ይቀራል፣ ስብሰባ ይቀራል፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ ኮል ኦፍ ከሆነ ደግሞ ተጀምሯልና ተቋረጠ በለው።

«ቀረ አሻሚ ነው፣ ሰውም ይቀራል» ይሉኛል። አዎ፣ «አስተማሪው ቀረ»ም «ትምህርት ቀረ»ም እንላለን፣ ግን ባለቤቱን አይቶ የሚሳሳት አማርኛ ተናጋሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ያስቀረውን ሰው ማንሳት ከፈለግክም አስቀረ አለልህ።

ዜናው ሁሉ ኮንሰርቱ ተሰረዘ፣ በረራው ተሰረዘ እያለ ስህተት ነው ብዬ ብከራከር የሚሰማኝ የለም፣ ሰው ለምዶታል፣ እሺ ይሁን። ለጆሮዬ ግን የሰፈር ልጆች «ፎረሸ» እንኳን ይሻለኛል። አለቃህም «ሚቲንጉ ቀርቷል» ብሎ ቢጽፍልህ ያን ጠዋት ትተኛ ነበር።