ከክሌር ደ ሉን ወዲያ፦ ስለ ደቡሲና ራቬል የፒያኖ ቅጂዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ፈረንሳይ የፒያኖ ሙዚቃ፣ በተለይ ስለ ሁለቱ ፈረንሳውያን የሙዚቃ ደራሲዎች ደቡሲና ራቬል የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ምርጫው የግል ነው፤ መከራከር ይቻላል።

ከደቡሲ የማውቀው ክሌር ደ ሉንን ብቻ ነው፣ እሱንም ከፊልም። ቀጥሎ ምን ልስማ?

ቶሎ አትለፈው። ክሌር ደ ሉን በ1905 የታተመው «ስዊት ቤርጋማስክ» የተባለ ባለ አራት ክፍል የፒያኖ ሥራ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከፊቱም ከኋላውም ዳንስ አለ። አራቱንም በተርታ ስማቸው፤ በሁለት ዳንስ መሃል ሲመጣ ያ የለመድከው ዜማ ሌላ ይሆንብሃል።

ከዚያ ወደ ፕሬሉዶቹ ሂድ። ሁለት መጽሐፍ ናቸው፣ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ቁራጭ አለው፣ አብዛኛው አጭር ነው። ደቡሲ ርዕሶቹን የጻፈው ከላይ ሳይሆን በየቁራጩ መጨረሻ ላይ ነው። አንተም እንደዚያው መጀመሪያ ስማ፣ ስሙን በኋላ እይ።

ለቅጂ ፒያኒስቱ ዋልተር ጊዘኪንግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቀረጸውን ያዝ። ከጎኑ አርቱሮ ቤኔዴቲ ሚኬላንጄሊ በ1978 የቀረጸውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አስቀምጥ። ጊዘኪንግ ብዙ የለፋ ሳይመስል ያልፋል። ሚኬላንጄሊ ደግሞ እያንዳንዷን ኖታ እንደ ብርጭቆ ወልውሎ ነው የሚያቀርባት። «በበረዶ ላይ ያሉ ዱካዎች» የሚለውን ከሁለቱም ሰምተህ የትኛው እንደያዘህ ንገረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኢምፕረሽኒስት» (ከሥዕል የተወሰደ፣ ለደቡሲ ሙዚቃ የሚሰጥ ስያሜ) ሲባል ብዙ ሰው ጭጋግ ይጠብቃል። አንዳንድ ፒያኒስትም ድምፁን የሚያስረዝመውን ፔዳል ረግጦ ሁሉንም ያድበሰብሰዋል። ደቡሲ ራሱ ስያሜውን አይወደውም ነበር። ጥሩ ቅጂ ማለት ጥርት ያለ ቅጂ ነው።

የጊዘኪንግ ድምፅ አርጅቷል፣ ሞኖ ነው። ስቴሪዮ የለህም?

አለኝ። ክሪስቲያን ዚመርማን በፕሬሉዶቹ፣ ዣን-ኤፍላም ባቩዜ በሙሉ ሥራዎቹ። ሚትሱኮ ኡቺዳ ደግሞ በ1915ቱ ኤቱዶች (የልምምድ ቁራጮች)፤ በእነሱስ ከእሷ የሚስተካከል አላገኘሁም።

«ጋስፓር ደ ላ ኑዊ» ላይ አርገሪች ወይስ ፖጎሬሊች?

ማርታ አርገሪች ወይስ ኢቮ ፖጎሬሊች፣ ከሁለቱ ፒያኒስቶች ማን ይበልጣል? ይህ የራቬል ደጋፊዎች የማያልቅ ጠብ ነው። ለማያውቀው፦ ጋስፓር የ1908 ሥራ ነው፣ በአሎይሲየስ ቤርትራን ሦስት ግጥሞች ላይ የተመሠረተ። ራቬል በጊዜው እጅግ ከባድ ከሚባለው ከሩሲያዊው ባላኪሬቭ የፒያኖ ሥራ ከ«ኢስላሜይ» የባሰ ለመጻፍ አስቦ ነው የተነሳው። ተሳክቶለታል።

ሁሉም ሰው ፒያኒስትን የሚለካው በመጨረሻው ክፍል፣ በ«ስካርቦ» ፍጥነት ነው። እኔ ግን መሃለኛውን ነው የማየው። «ለ ዢቤ» ማለት መስቀያ ነው፣ ሰው የተሰቀለበት። አንድ ኖታ፣ ሲ ቤሞል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሩቅ ደወል ይመታል። ራቬል በሙዚቃው ወረቀት ላይ «ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ፣ እስከ መጨረሻ» ብሎ ጽፏል። ከላይና ከታች ከባድ ኮርዶች (በአንዴ የሚመቱ ድምፆች) እየመጡ ደወሉን ይጫኑታል። ፒያኒስቱ ስሜት ውስጥ ገብቶ ደወሉን ካዘገየው አለቀለት።

እና መልሱ? ለእሳቱ የአርገሪች የ1974ቱ ቅጂ። የፖጎሬሊች ያስደንቃል፣ ግን እዩኝ እዩኝ ይላል። ለደወሉ ፒያኒስቱ ቭላዶ ፐርልሙተር። ይህ ሰው በ1927 የራቬልን የፒያኖ ሥራዎች ከራሱ ከራቬል ጋር ተቀምጦ አጥንቷል። በ1970ዎቹ ሲቀርጽ አርጅቶ ነበርና ጣቱ አልፎ አልፎ ይስታል። ለእኔ ምንም አይደል።

ደቡሲ ራሱ የተጫወተው ቅጂ አለ?

አለ፣ በሁለት ዓይነት። በ1904 ዘፋኟን ሜሪ ጋርደንን በፒያኖ ሲያጅብ የተቀረጸ አለ፤ ጩኸቱ ብዙ ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ለቬልቴ-ሚኞን ኩባንያ በወረቀት ጥቅል ላይ ቀርጿል። ጥቅሉ ድምፅ አይይዝም። ቀዳዳዎቹ የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተነካ ይናገራሉ፣ ሌላ ፒያኖ ደግሞ ያን መልሶ ይጫወተዋል። ስለዚህ የድምፁን ቀለም ከዚያ አትፍረድ፣ ፍጥነቱን ግን ልብ በል።

ምሳሌ ልስጥህ፦ «የሰመጠችው ካቴድራል»። ደቡሲ በጥቅሉ ላይ የተወሰኑ ክፍሎችን በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚጫወተው። የታተመው ኖታ ግን ስለዚህ ምንም አይልም። ግማሹ ፒያኒስት የደቡሲን እጅ ይከተላል፣ ግማሹ ወረቀቱን። አንዱ ቅጂ ከሌላው በጣም ቢረዝም ግራ አይግባህ። እኔ ከእጁ ጋር ነኝ።

ልጄ ፒያኖ ትማራለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምን ላሰማት?

እናቴ፣ «ችልድረንስ ኮርነር»ን ያሰሟት። ደቡሲ በ1908 ለሴት ልጁ ለሹሹ መታሰቢያ ያደረገው ነው። ዝሆን አለ፣ አሻንጉሊት አለ፣ የሚጨፍር በረዶ አለ። የሚኬላንጄሊ የ1971 ቅጂ ድንቅ ነው። ለመጫወት ግን ገና ነው፤ አስተማሪዋ ከፈቀደ «ትንሹ እረኛ» ይቀላል። የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ደቡሲ በቫግነር ኦፔራ በ«ትሪስታን» ያሾፋል። እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

የደቡሲን «ፓጎድ» ስሰማ ትዝታ ትዝታ ይለኛል። ጆሮዬ ነው?

ጆሮሽ ልክ ነው። መግቢያው የሙሉ ትዝታን አምስት ድምፆች ይዟል። ደቡሲ ግን ከእኛ አልወሰደም። በ1889 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የጃቫ ጋሜላን (የኢንዶኔዥያ የነሐስ መሣሪያዎች ባንድ) ሰምቶ ነው የተማረከው። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ብዙ አገር አለ።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ከወደድሽም ወደዚህ መግባት ቀላል ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ከፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ከኤሪክ ሳቲና ከደቡሲ ጋር ያመሳስሏታል። ትንሽ ያበዙታል፣ ግን በር ይከፍታል። በሳቲ «ዢምኖፔዲ» ጀምሪ፣ ፒያኒስቱ አልዶ ቺኮሊኒ የተጫወተውን።

ታክሲ ውስጥ ስሰማ ግማሹ አይሰማኝም።

አይሰማህም። ይህ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚኖረው በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ከፍ ስታደርገው ደግሞ ድንገት ይጮህብሃል። ማታ ቤትህ ስማው። ስትፈልግም የቁራጩን ስምና የፒያኒስቱን ስም አብረህ ጻፍ፤ «ለእንቅልፍ» የሚሉ ስብስቦች ማን እንደተጫወተ እንኳ አይናገሩም።

ከደቡሲና ከራቬል ውጭስ?

ፎሬ። የሙዚቃ ደራሲና የራቬል አስተማሪ ነበር። ኖክተርኖቹን (የሌሊት ቁራጮቹን) ከፒያኒስቷ ከዤርሜን ቲሴን-ቫላንቲን ስማ። ከቁጥር 6 ጀምር። ቁጥር 13 ይቆይህ፤ የመጨረሻው ነው፣ ይመርራል።