ካርዱ ገባ፣ ማኩ ግን አላወቀውም

ስለ አሮጌ ፓወር ማኮች (የአፕል ጂ4ና ጂ5 ኮምፒውተሮች) ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ከፒሲ የነቀልኩትን ራዲዮን 9800 ፕሮ የግራፊክስ (የስክሪን) ካርድ ጂ4 ላይ ሰካሁት። ፋኑ ይሽከረከራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ አይመስልም። ካርዱ ሮሙ (ቋሚ ማስታወሻ ቺፑ) ውስጥ የያዘው ማስነሻ ፕሮግራም ለፒሲ ፕሮሰሰር የተጻፈ ነው። የማኩ ኦፕን ፈርምዌር (ማሽኑን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ደግሞ የሚያነበው ኤፍኮድ የሚባለውን ኮድ ብቻ ነው፤ እሱን ካጣ ካርዱን አልፎት ይሄዳል። ካርዱን ወደ ፒሲው ይመልሱና በማክ ሮም ፍላሽ ያድርጉት (የማኩን ፕሮግራም በቺፑ ላይ ይጻፉበት)፤ የነበረውን ሮም ግን አስቀድመው ቅጂ ይያዙ፣ ከተበላሸ መመለሻዎ እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው፦ የማኩ ሮም 128 ኪሎባይት ሲሆን የብዙ ፒሲ ካርዶች ቺፕ 64 ብቻ ይይዛል። ወይ ወደ 64 የተቀነሰ ሮም ይፈልጉ፣ ወይ ቺፑን በትልቅ ያስቀይሩ፤ መበየዱን የለመደ እጅ ይሥራው።

ሌላም ጣጣ አለ። 9800 የ8 እጥፍ ፍጥነት ኤጂፒ (የግራፊክስ ካርድ መሰኪያ ዓይነት) ካርድ ነው፣ ጂ4 ግን ከ4 እጥፍ አያልፍም። ከካርዱ ሁለት ገጾች በኤ ወገን ያሉትን 3ኛና 11ኛ ንክኪዎች (በሚሰካው ጠርዝ ላይ ያሉ ትናንሽ ብረቶች) ሙቀት በሚችል ቀጭን ቴፕ ይሸፍኑ፤ ካልተሸፈኑ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ቆጠራው ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከሚታሰርበት ብረት ሳህን በኩል ይጀምራል። ንክኪዎቹ ከፍና ዝቅ ብለው በሁለት ረድፍ ስለተደረደሩ ሁለቱንም ረድፍ ይቁጠሩ። ወገኑንም አያምታቱ፤ በቢ በኩል ያለው 3ኛ የ5 ቮልት መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ሲሊከን ኢሜጅ 3112 ቺፕ ያለው የሳታ (ሃርድ ዲስክ ማገናኛ) ካርድ ገዛሁ። ድራይቨር ስጭን ዲስኩ ይታያል፣ ከሱ መነሳት ግን እምቢ አለ።

መልስ፦ ድራይቨር የሚሠራው ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ነው። ለመነሳት ካርዱ ራሱ የማክ ፈርምዌር ይፈልጋል፤ ቺፑ ፍላሽ የማይደረግ ከሆነ ዲስኩን ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ ይጠቀሙበት። ፍላሽ ከተደረገ በኋላም ካልተነሳ የዲስኩን አከፋፈል ይዩ፦ ፓወርፒሲ ማክ የሚነሳው አፕል ፓርቲሽን ማፕ በሚባለው አከፋፈል ከተከፈለ ዲስክ ነው።

ጥያቄ፦ ዩኤስቢ 2.0 ካርድ ልግዛ፣ የትኛውን?

መልስ፦ የኔክ (NEC) ኩባንያ ቺፕ ያለውን፤ ማክ ኦኤስ ቴን ላይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። ማክ ኦኤስ 9 ላይ ግን ፍጥነቱ የዩኤስቢ 1.1 ነው።

ጥያቄ፦ ጂ4 ላይ የሠራ ካርድ ጂ5 ላይ አልገባ አለ። ትንሽ ልሞርደው?

መልስ፦ በፍጹም! የጂ5 ፒሲአይ-ኤክስ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) የ3.3 ቮልት ነው። የካርድዎን ጥርሶች ይዩ፦ ወደ ብረት ሳህኑ የቀረበው ክፍተት የ3.3፣ የራቀው የ5 ቮልት ምልክት ነው፤ ሁለቱም ካሉት ለሁለቱም ይሆናል። በ2005 መጨረሻ የወጡት ጂ5ዎች ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሆኑ እዚያ ላይ አሮጌ ካርድ ከነጭራሹ አይገባም።