መዳብ ከመጨመርዎ በፊት ክዳኑን ይመርምሩ

ጠያቂያችን በሰበታ አቅራቢያ በሚገኝ አነስተኛ የማቅለሚያ ሙከራ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። 50 ሚሊሞል (ሚሊሞል የኬሚስቶች የመጠን መለኪያ ነው) 4-አዮዶቶሉዊን የተባለ አዮዲን ያለበት ጥሬ ዕቃ ከ25 በመቶ የአሞኒያ ውሃ ጋር በግማሽ ሊትር የብረት ግፊት ዕቃ ውስጥ እያሞቁ ፓራ-ቶሉዲን የተባለውን የማቅለሚያ መነሻ ለማግኘት ይሞክራሉ። ካታሊስታቸው (ለውጡን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር) 10 ሞል በመቶ፣ ማለትም ለመቶ የጥሬ ዕቃ ሞለኪውል አሥር፣ ኮፐር አዮዳይድ የተባለ የመዳብ ውህድ ፕሮሊን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ሲሆን ሙቀቱ 80 ዲግሪ፣ ጊዜው አንድ ሌሊት ነው። ጠዋት ሲከፍቱት ድብልቁን ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያገኙታል፤ ከጥሬ ዕቃው ሦስት አራተኛው ሳይነካ ይመለሳል፤ የግፊት መለኪያው መርፌም ሌሊቱን ሙሉ ከዜሮ እምብዛም አይነሣም። የመዳቡን መጠን ወደ 30 በመቶ ላሳድገው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አያሳድጉት። ኬሚስቶቹ ፍሪትዝ ኡልማን በ1903፣ ኢርማ ጎልድበርግ በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በመዳብ አማካይነት ናይትሮጅንን ከካርቦን ጋር የማያያዝ ሥራ ሲጀምሩ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ በላይ ነበር። ዛሬ በጥቂት መዳብና በ80 ዲግሪ የምንሠራው እንደ ፕሮሊን ያሉ ሊጋንዶች፣ ማለትም ከመዳቡ ጋር የሚጣበቁ ሞለኪውሎች፣ መዳቡን ስለሚያግዙልን ነው። የእርስዎ መዳብ ቁጥሩ አላነሰም፤ የኔ ግምት ዕቃዎ ያሾልካል የሚል ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠጋኝ ክዳኑን እንደቀየረልዎ፣ መለኪያውም ከመርካቶ የተገዛ ቢጫ ነሐስ እንደሆነ ስለጻፉልኝ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት ወደዚያ እሄዳለሁ።

ስለ ሰማያዊው ቀለም ግን ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ይህን ሥራ የተማርኩት ከአንድ ብልቃጥ ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተላጠ ንጹሕ መዳብ ብልቃጥ ውስጥ አስገብተው የአሞኒያ ውሃ ቢጨምሩበትና ጥቂት ጊዜ ክፍት ቢተዉት፣ አየሩ መዳቡን እየበላ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ እስከ አፉ ሞልተው አጥብቀው ቢከድኑትና ቢታገሡ፣ ሰማያዊው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ በመጨረሻ እንደ ምንጭ ውሃ ይጠራል። አየር ያጣው ሰማያዊ መዳብ ከሽቦው ላይ አንድ ኤሌክትሮን ተቀብሎ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ወደ ጎደለው መዳብ ይመለሳል፤ ይህኛው መዳብ ከአሞኒያ ጋር ሲጣመር ቀለም የለውም። ክዳኑን ሲያነሡ ደግሞ ሰማያዊው እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በዓይንዎ ያዩታል። የካርቦንና የአዮዲንን ትስስር የሚሰብርልን ያ ቀለም የሌለው መዳብ ነው፤ ሰማያዊው ሥራውን አይጀምርም። ስለዚህ በደንብ የታሸገ ዕቃ ሲከፈት ድብልቁ ፈዛዛ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ ሰማያዊውም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከላይ ይጀምራል። የእርስዎ ገና ሲከፈት እስከ ታች ሰማያዊ ከነበረ አየሩ ቀደም ብሎ ገብቷል ማለት ነው። በእኛ ከፍታ አየሩ የሳሳ ቢሆንም ከድብልቁ በላይ የሚቀረው ሩብ ሊትር አየር ብቻ 6 ሚሊሞል የሚያህል መዳብ ለማበላሸት ይበቃል፤ እርስዎ ያስገቡት ደግሞ 5 ሚሊሞል ነው። ጥሬ ዕቃው ገብቶ አሞኒያው ከመጨመሩ በፊት ዕቃውን በናይትሮጅን ሦስት ጊዜ ያጥቡት።

አሁን ወደ መለኪያው። ነሐስ አሞኒያን አይችልም፤ በውስጡ ያለው የታጠፈ ቀጭን ቱቦ በውጥረት ላይ ስለሆነ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ይሰነጠቃል፣ ከቱቦው የሚሟሟው መዳብም ድብልቅዎን ራሱ ሰማያዊ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ መለኪያ ለሥራ ብቁ ነው ብሎ መሸጥ ያሳዝነኛል። ስቴንለስ ስቲል የሆነ፣ ለአሞኒያ የተሠራ መለኪያ ይግዙ። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያስተውሉ፦ መርፌው ዜሮ ላይ ነው ማለት ዕቃው ውስጥ ግፊት የለም ማለት አይደለም። የሞተ መለኪያ ግፊት እያለም ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። ዕቃውን በበረዶ ውኃ ውስጥ አስገብተው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ብሎኑን አይንኩ፤ ሲከፍቱም በጭስ ማስወጫ ሥር፣ መነጽርና ጓንት አድርገው፣ ፊትዎን ከክዳኑ በላይ ሳያደርጉ ይሁን።

ጠጋኙ በክዳኑ ላይ ያደረገው ጋስኬት (ማሸጊያ ቀለበት) ቫይተን የተባለ ጥቁር ጎማ ነው ብለውኛል። ውድ ስለሆነ ይሻላል ብሎ ገምቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ቫይተን ለአሞኒያና ለአሚን አይሆንም፤ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። በክሩ ላይ ስድስት ዙር ቴፍሎን መጠቅለሉም የጥገና ምትክ አይደለም። የቴፍሎን ወይም ኢፒዲኤም ከተባለ ጎማ የተሠራ ጋስኬት ያስገቡ። ከዚያ ዕቃውን ዘግተው ይመዝኑት፤ አንድ ሌሊት አሙቀው፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘውና አድርቀው እንደገና ይመዝኑት። ከጥቂት አሥረኛ ግራም በላይ ከጎደለ አሞኒያው ወጥቷል። በዚያው መንገድ ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል።

አሞኒያውንም ይፈትሹ። 25 በመቶ የሆነ የአሞኒያ ውሃ 100 ሚሊ ሊትሩ 91 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 95 ግራም ከመዘነ ጥንካሬው ወደ 12 በመቶ ወርዷል፣ ይጣል። ለወራት ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ በዚህ ከፍታ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ኮፐር አዮዳይዱ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ መሆን አለበት፤ ቡናማ ከሆነ በትኩስ የተጠናከረ የፖታሺየም አዮዳይድ ውሃ አሟሙተው፣ አጣርተው፣ በብዙ ውሃ ቢያፈስሱት ነጭ ሆኖ ይወርዳል።

የምርትዎ ጉዳይም አለ። ፓራ-ቶሉዲን በቆዳ ይገባል፣ የደምን ኦክሲጅን የመሸከም አቅም ይጎዳል፣ ከንፈር መጥቆር ምልክቱ ነው። የመዳብ ካታሊስት ፓላዲየም ከተባለው ውድ ብረት ይልቅ ለአካባቢ ተስማሚ ነው መባሉ ርካሽና በብዛት የሚገኝ ስለሆነ እንጂ ሰማያዊው ቅሪት ለዓሣና ለአልጌ ምቹ ስለሆነ አይደለም፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ፍሳሽ አይደፋ። በጀሪካን አጠራቅመው፣ ምልክት ለጥፈው ለአደገኛ ቆሻሻ አስወጋጅ ይስጡት፤ ከበረኪና ጋርም ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ጋስኬቱንና መለኪያውን ቀይረው በዚያው 10 በመቶ መዳብ አንድ ጊዜ ይሞክሩና ሁለቱን ክብደቶች ይላኩልኝ። መርፌው ዜሮ ቢያሳይም ሳይቀዘቅዝ አይክፈቱት።