ብላክ ሳባዝን በባቲ ጆሮ ስደረድረው

የኮምቦልቻው ወንድማችን እዚህ ግሩፓችን ላይ ያቀረበው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። «አንድ የሮክ ባንድ ብቻ ምረጡ። አልበሞቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሩ። ለምን እንደሆነ ንገሩኝ፤ ለጀማሪ የሚሆነውንም ጠቁሙኝ» ነው ያለው። እስካሁን የመለሳችሁት ስም ብቻ ዘርዝራችሁ ነው የሄዳችሁት። ለምን የሚለውን ማንም አልነካውም። እኔ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

ባንዴ ብላክ ሳባዝ ነው። የምደረድረው ከ1970 እስከ 1978 በኦዚ ኦዝቦርን ድምፅ የወጡትን ስምንት አልበሞች ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ አትደናገሩ። በ1980 ሮኒ ጄምስ ዲዮ ገብቶ የሠሩት «ሄቨን ኤንድ ሄል» በጣም ግሩም አልበም ነው። ግን እኔ የምሰማው እንደ ሌላ ባንድ ሥራ ነው። ድምፃዊው ሲቀየር የጊታሩም አካሄድ ተቀየረ። ከስምንቱ ጋር ላዛንቀው አልፈልግም።

ደረጃውን ከመንገሬ በፊት ስለ ጆሮዬ ትንሽ ልበል። ደሴ ነው ያደግኩት። ቤታችን ውስጥ ማሪቱ ለገሰ በአምባሰል ታንቆረቁራለች፤ ከጎረቤት ደግሞ መንዙማ ይሰማል። ባቲም አምባሰልም ለእኛ የቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፣ ዘመድ የምንጠይቅባቸው አገሮች ናቸው። በዚህ ጆሮ ነው ሳባዝን የሰማሁት። ለዚህም ይመስለኛል ከመጀመሪያው ቀን ባዕድ ያልሆነብኝ።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት አምስቱ ድምፆች፣ የሮክና የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ ብለው ከሚጫወቱት ጋር አንድ ናቸው። ክራር የሚመታ ጓደኛ አለኝ። ሮክ አይወድም፣ ጩኸት ነው ይላል። አንድ ቀን «ፓራኖይድ» የምትባለዋን የሳባዝ ዘፈን መግቢያ አሰማሁት። ክራሩን ባቲ ላይ ቃኝቶ ወዲያው መታት። «ይቺማ የኛ ናት» አለኝ። አቦ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ሌላም አለ። የመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን፣ በባንዱ ስም የተጠራው ማለቴ ነው፣ የቆመው በሦስት ድምፆች ላይ ነው። መነሻው፣ ኦክታቩ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ)፣ ከዚያ ትራይቶን፣ ማለትም ከመነሻው ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚርቀው። በዚህ ክፍተት ላይ አውሮፓ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የሰይጣን ስም ተለጥፎበታል። ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ፀጉሬ ቆመ የሚለው በእሱ ነው። እኛ ጋ ግን ይኸው ክፍተት አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ከመነሻው ድምፅ ጀምሮ ቁጭ ብሏል። በአንቺሆዬ ደግሞ ሙሽራ እናጅባለን። ስለዚህ እኔን ያ ዘፈን አላስፈራኝም፤ ይልቅ ጎተተኝ። መግቢያው ላይ የሚሰማው ዝናብና ደወል ግን፣ እውነቴን ነው፣ ጉም በወረደበት የደሴ ምሽት ሲሰማ ትንሽ ቀፈፍ ያደርጋል።

እንግዲህ ወደ ደረጃው።

አንደኛ «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ»፣ 1971። ያለ ክርክር።

ምክንያቱን ለመናገር ወደ ጊታሪስቱ ጣቶች መሄድ አለብኝ። ቶኒ አዮሚ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ነው። የተቆረጠው እንግዲህ ክሩን የሚጫንበት እጁ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ሸጦ ይገላገል ነበር። እሱ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ቀጫጭን ክር ፈለገ። በዚህ አልበም ላይ ደግሞ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ጊታሩን ከተለመደው አንድ ድምፅ ተኩል ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ክሩ ሲላላ ለተጎዳው ጣት ይቀላል። ድምፁ ግን በተቃራኒው ከበደ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ከባድ ሮክ ሁሉ ከዚህ ወፍራም ድምፅ ያልተበደረ የለም።

የጠየቅከው ወንድሜ የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆንክ ይህ ይገባሃል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ፈረቃ ጨርሶ የሚወጣ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። አራቱም የሳባዝ ልጆች የበርሚንግሃም የሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። ኦዚ ራሱ ቄራ ሠርቷል፤ የመኪና ጡሩምባ እየነፋ የሚቃኝበት ፋብሪካም ሠርቷል። «ኢንቱ ዘ ቮይድ» ሲጀምር ያ ጊታር የሚሄደው እንደ ደከመ ሠራተኛ ነው። አይቸኩልም፣ አይቆምምም።

ከእሷ በፊት ደግሞ «ሶሊቱድ» አለች። አዮሚ ዋሽንት ይዞ፣ ኦዚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከከባዱ ጩኸት ጎን እንዲህ ያለ ዝምታ ማስቀመጥ የሚችል ባንድ ጥቂት ነው። አልበሙ 35 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድም የሚዘለል ነገር የለውም። በ«ስዊት ሊፍ» መግቢያ ላይ የምትሰማው ሳል የአዮሚ ነው፤ እሷንም ቢሆን አልዘላትም።

ባንዱ የሰይጣን ነው የሚለው ወሬ ደሴም ደርሷል። ሰፈራችን ውስጥ ጥቁር ቲሸርት ስለብስ የመከሩኝ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ አልቀየምኳቸውም። ግን እዚሁ አልበም ላይ «አፍተር ፎርኤቨር» የሚል ዘፈን አለ። ግጥሙን የጻፈው ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ነው፤ በካቶሊክ ቤት ያደገ ሰው። ዘፈኑ በእግዚአብሔር ለማያምን ሰው የቀረበ ጥያቄ ነው። ይህን ለመካሪዎቼ አስረድቼ አንድ ሰው አምኖኛል። አንድም ቢሆን አልሐምዱሊላህ።

ሁለተኛ «ሳቦታዥ»፣ 1975። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደምትንጫጩ አውቃለሁ። አልበሙ የተሠራው ከቀድሞ ማናጀራቸው ጋር ፍርድ ቤት ሲጓተቱ ነው። የመጨረሻው ዘፈን «ዘ ሪት» በቀጥታ ስለዚያ ሰውዬ ነው። ኦዚ እንደዚያ ተናዶ ሲዘፍን ሌላ ቦታ አልሰማሁትም። የመሬት ክስ ይዞ ቀጠሮ ሲመላለስ የከረመ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል። «ሲምፕተም ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» ደግሞ አለ። በኋላ በሰማንያዎቹ እነ ሜታሊካ የገነኑበት ፈጣን ሜታል ከመምጣቱ በፊት መንገዱን የጠረገ ሪፍ (ተደጋግሞ የሚመታ የጊታር ሐረግ) ነው። ጊታሩ እየጨፈጨፈ ይመጣና መጨረሻው ላይ ድንገት ወደ አኩስቲክ ጊታር ይገለበጣል። ያቺን ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወቱ እዚያው የፈጠሯት ናት። ሁልጊዜ ስሰማት ፈገግ እላለሁ።

ሦስተኛ «ፓራኖይድ»፣ 1970። ሕዝቡ አንደኛ የሚያደርገው ይህን ነው። ጥፋት አይደለም። «አይረን ማን» እዚህ ነው፤ «ዋር ፒግስ» እዚህ ነው። የአልበሙ ስም ራሱ «ዋር ፒግስ» ሊሆን ነበር። «ፓራኖይድ» የምትባለዋ ዘፈን መጨረሻ ላይ ቦታ ለመሙላት በደቂቃዎች የተሠራች ናት። እሷው ናት ዓለምን የዞረችው። ታዲያ ለምን ሦስተኛ? የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ትንሽ ይደክማል። «ራት ሳላድ» የድራም ማሳያ ናት፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። በ«ዋር ፒግስ» ግን አትምጡብኝ። ትእዛዝ የሚሰጡት ጀኔራሎች ተቀምጠው፣ የሚሞተው የድሃ ልጅ ስለሆነበት ጦርነት ነው የሚያወራው። 2014 በኛ አቆጣጠር ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳየን ለዚህ ግሩፕ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን እንደ ድሮው ድምፁን ከፍ አድርጌ መስማት አልቻልኩም። እሰማዋለሁ፤ ግን ለብቻዬ።

አራተኛ የመጀመሪያው አልበም፣ «ብላክ ሳባዝ»፣ የካቲት 1970። በአንድ ቀን ነው የቀዱት። ይታወቃልም። ጥሬ ነው፣ ግን ጥሬነቱ ነው ውበቱ። «ኤን አይ ቢ» ላይ የጊዘርን ቤዝ ስሙና ንገሩኝ። ከዚህ በታች ያደረገው ሰው ካለ እከራከረዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ያደረገውን ግን አልከራከርም።

አምስተኛ «ቮል ፎር»፣ 1972። ሎስ አንጀለስ ሄደው፣ ገንዘብና ኮኬይን በዝቶባቸው የሠሩት ነው። አልበሙን በኮኬይን ዘፈናቸው «ስኖውብላይንድ» ሊሰይሙት ፈልገው ኩባንያው እምቢ አለ። «ሱፐርናት» ጭፈራ ናት፣ ትከሻ የሚያውቅ ወሎዬ እስክስታ ሊወርድባት ይችላል። ወርጄባትም አውቃለሁ፣ ማስረጃ ግን የለም። «ቼንጅስ» የምትባለዋን የፒያኖ ዘፈን ብዙ የሮክ ሰው ይንቃታል። ከባንዱ ዘፈኖች ሁሉ እናቴ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው የሰማቻት እሷን ብቻ ነው። «ይሄ ልጅ ማን ሄዶበት ነው?» አለችኝ። ግጥሙ ድራመሩ ቢል ዋርድ ከሚስቱ ሲለያይ የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛ ሳታውቅ ገባት። ትዝታ ያሳደገው ጆሮ አይሞኝም።

ስድስተኛ «ሳባዝ ብለዲ ሳባዝ»፣ 1973። የርዕሱ ዘፈን ሪፍ ከምርጦቻቸው አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኪቦርዱና ቫዮሊኑ ይበዛብኛል። ሰባተኛ «ኔቨር ሴይ ዳይ»፣ 1978። የርዕሱን ዘፈን እወዳለሁ፤ የቀረው ድካም ይነበብበታል። ስምንተኛ «ቴክኒካል ኤክስታሲ»፣ 1976። «ደርቲ ውመን» ላይ ያለውን ጊታር ስሙና ዝጉት።

በ2013 ኦዚ ተመልሶ የሠሩት «ሰርቲን» (13) የሚባል አልበም አለ ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። አውቀዋለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከ«ፓራኖይድ» ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ የሆነላቸው አልበም ነው። ግን ቢል ዋርድ የለበትም። ያለ ዋርድ ከበሮ የሳባዝ አካሄድ ይጎድላል። ዋርድ ጃዝ ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ ምቱን ትንሽ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ያንን የሚተካ አላገኙም።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ሐምሌ 5 ቀን 2025 በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ላይ አራቱም ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ወጡ። ኦዚ መቆም ስላቃተው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። በዚያው ወር 22 ቀን ሞተ። ያን ምሽት አራት ዘፈን ተጫወቱ፤ «ዋር ፒግስ»፣ «ኤን አይ ቢ»፣ «አይረን ማን» እና «ፓራኖይድ»። ሁሉም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች። ከአንደኛዬ አንድም የለም! ሐዘኑ እያለ ይቺ ነገር አሁንም ታንገበግበኛለች።

አንዳንዶቻችሁ ፒንክ ፍሎይድን መርጣችኋል፤ መልካም። ከእነሱ ለእኔ አንደኛ የ1975ቱ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ነው፤ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» አይደለም። ስለ ጠፋው ጓደኛቸው ስለ ሲድ ባሬት ነው። ሲቀዱት ሰውዬው ራሱ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ ስቱዲዮ ከች አለ፤ መጀመሪያ አላወቁትም። ለወሎ ሰው ከዚህ የበለጠ ትዝታ ምን አለ? የአገር ውስጡን የጠቀሳችሁት ደግሞ ጃኖ ባንድን አትርሱ። በ2012 አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው «ኤርታሌ» የኛ ቅኝትና ከባድ ጊታር አብረው መሄድ እንደሚችሉ በደንብ አሳይቷል።

አሁን ወደ ጀማሪው ጥያቄ። ወንድሜ፣ ከአንደኛዬ አትጀምር። በ«ፓራኖይድ» ጀምር፤ ጆሮ ቶሎ የሚይዘው እሱን ነው። ከዚያ ወደ «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» ውረድ። ሦስተኛ «ሳቦታዥ»ን ስማ። የቀረውን እንደፈለግክ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብዙዎቻችን ሮክን ያገኘነው ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ አስጭነን ነው። «እንግሊዝኛ» የሚል ፎልደር ውስጥ ሴሊን ዲዮን፣ ቦብ ማርሊና ሜታሊካ ተደባልቀው፣ የዘፈኑ ስም «ትራክ 07» ብቻ ሆኖ። እንደዚያ ሆኖ ዘፈን መውደድ ይቻላል፣ አልበም ግን መመዘን አይቻልም። በቅደም ተከተሉ አውርደውና ሙሉውን አንዴ ስማው። በኢርፎንም ይሁን፤ በስልክ ስፒከር ግን የጊዘር ቤዝ ጭራሽ አይሰማም።

«ሳቦታዥ»ን ከሦስተኛ በታች ያደረጋችሁ ሁለታችሁም ምክንያታችሁን እዚሁ ጻፉልኝ፤ እየጠበቅኩ ነው።