ክፍተቱም ሥዕል ነው

ውድ ወጣት ሰዓሊያን፣

ባለ ብዙ ሸራ ሥዕል ልትጀምሩ ስትነሱ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሥራ በአንድ ሸራ የማይሆነው ለምንድን ነው? «ትልቅ እንዲሆንልኝ» ካላችሁኝ አንድ ትልቅ ሸራ ወጥሩ። «በስቱዲዮዬ በር አይወጣም» ካላችሁኝ እሺ፣ በር ያላሸነፈው ሰዓሊ የለም። ግን ከበሩ ሌላ ምክንያት ከሌላችሁ ተመልካች የሚያየው በመጋዝ የተቆረጠ አንድ ሥዕል ነው፤ ቆራጩ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እኔ አሁን ባለ አምስት ሸራ አብስትራክት፣ ማለትም ሰው ወይም ዕቃ የማይታይበት፣ ሥራ ይዣለሁ። በዚህ ዕድሜዬም ቢሆን የሚያሟግተኝ ቀለሙ አይደለም፤ በሸራና በሸራ መካከል የሚቀረው ባዶ ግድግዳ ነው። ብሩሽ ያላረፈበት ቦታ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ የሥዕሉ አካል አድርጋችሁ አትቆጥሩትም። ዓይን ግን ይቆጥረዋል።

ከእኛ በፊት የሠሩት ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ተመልከቱ። ፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ለሕዝብ የሚታዩት የክሎድ ሞኔ 8 የውሃ አበባ ሥዕሎች ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ ሆኖ ከበርካታ ሸራ የተገጣጠሙ ናቸው። ሞኔ መጋጠሚያውን ደበቀው፤ ዓይን ውሃው ላይ ሳይደናቀፍ እንዲሄድ ነው የፈለገው። ኤልስዎርዝ ኬሊ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራው «ቀለማት ለትልቅ ግድግዳ» 64 ካሬ ሸራዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ያለው አንድ ወጥ ቀለም ብቻ ነው። ሁለት ቀለም የሚለየውን መስመር ማንም አላሰመረውም፣ የሸራው ጠርዝ ራሱ መስመር ሆነ። ማርክ ሮትኮ ለሂውስተኑ ጸሎት ቤት ከሠራቸው 14 ሥዕሎች መካከል ደግሞ በሁለቱ ባለ ሦስት ሸራ ሥራዎች ላይ መካከለኛው ሸራ ከግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሥዕሎቹ ወደ ጥቁር ያደሉ ናቸው፤ ገና ሲገቡ ቀለሙን ከመለየት በፊት ዓይን የሚያርፈው ያ ከፍ ዝቅ ላይ ነው። ሦስቱም ሰዎች ስለ ጠርዙ አስቀድመው ወስነዋል።

እናንተም ወስኑ፤ ክፍተቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን ሳታውቁ ቀለም አትክፈቱ።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ በምሳሌ ላሳያችሁ። በእኔ ሥራ ላይ ከሁለተኛው ሸራ ወደ ሦስተኛው የሚሻገር ቀይ ሰያፍ መስመር አለ። ሁለቱን ሸራዎች አጋጥማችሁ እንዲህ ያለውን መስመር በ45 ዲግሪ ብታሰምሩና፣ ኋላ ስትሰቅሏቸው 5 ሳንቲ ሜትር ብታራርቋቸው፣ መስመሩ ማዶ ሲደርስ 5 ሳንቲ ሜትር ከመንገዱ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፤ 45 ዲግሪ ላይ ያለ መስመር ወደ ጎን የሄደውን ያህል ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፣ ክፍተቱን ሲሻገር ግን አልወጣም። እንግዲያው ሸራዎቹን አራርቀን እንሠራለን ትሉኛላችሁ። ደግ ነው፣ ግን እሱም አይበቃም። ክፍተቱን ቆጥራችሁ፣ በማስመሪያ ለክታችሁ፣ ልክክ አድርጋችሁ ያሰመራችሁት ሰያፍም ለዓይን የተዛነፈ ይመስላል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮሃን ፖገንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1860 ልብ ያለው የዓይን ማታለል ነው ይህ፤ ሰያፍ መስመር ከአንድ ቋሚ ሰቅ ጀርባ አልፎ ሲወጣ ሁለቱ ጫፎች የማይገናኙ ይመስላሉ። በሁለት ሸራ መካከል ያለ ክፍተት ደግሞ ያው ሰቅ ነው። ስለዚህ እኔ ማስመሪያውን አስቀምጬ፣ ሸራዎቹን በሚሰቀሉበት ርቀት ሰቅዬ፣ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄጄ በዓይኔ ነው የማስተካክለው። ቀዩ መስመር ሦስተኛው ሸራ ላይ የሚጀምርበት ቦታ በማስመሪያ ስሕተት ነው፣ በዓይን ግን ልክ። እንዳይገናኝ የምትፈልጉበት ጊዜም ይኖራል። ያኔ አውቃችሁ በደንብ አዛንፉት፤ ጥቂት ብቻ የተዛነፈ ነገር ስንፍና ይመስላል።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልላችሁም። ሸራዎቹን ከአንድ ጥቅል ቁረጡ፣ ጄሶውንም፣ ከቀለም በፊት ሸራው የሚቀባውን ነጭ መደብ፣ በአንድ ጊዜ ቀቡ፤ አለዚያ አንዱ ቀለም ይመጥጣል፣ ሌላው ይተፋል። በሁሉም ላይ የሚዞረውን ቀለም ከሚያስፈልጋችሁ አብልጣችሁ በጥብጡና ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር፣ ዛሬ እርጥቡን ትናንት ከደረቀው ጋር አመሳስዬ እበጠብጣለሁ ማለት ልፋት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ከአምስቱ አንዱ አምሮ ሲወጣ ነው። ሁሌም አንዱ ያምራል። እንግዳ ሲመጣ እሱ ዘንድ ይቆማል፣ እናንተም ስልካችሁን አውጥታችሁ የምታነሡት እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ አራቱ የእሱ አጃቢ ሆነው ይቀራሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ሸራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ በቀሩት ላይ እሠራለሁ። መልሼ ሳዞረው አሁንም ብቻውን የሚናገር ከሆነ፣ ያማረበትን ቦታ ራሱን በስስ ግራጫ እሸፍነዋለሁ። ያንገበግባል። ብዙ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ያማረ ነገር አይነካም ባዮች ናቸው። እኔ ግን ብቻውን የተሟላ ሸራ ጎረቤት ምን ያደርግለታል እላለሁ።

ቦታም አለዋውጧቸው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ አራተኛውን ወደ መጀመሪያ ስታመጡት ጫፍ ላይ ወድቆ የነበረው ጥቁር ክብደት መግቢያ ይሆንና ሥራው በሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ እየቀለለ ይሄዳል። ሥዕሉ ከማለቁ በፊት በየቀኑ ሞክሩት። ቅደም ተከተሉ ከተወሰነ በኋላ በየሸራው ጀርባ ቁጥሩን፣ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስትና የክፍተቱን ስፋት ጻፉ። አብስትራክት ተገልብጦ ሲሰቀል የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፤ ክፍተቱን ካልጻፋችሁ ደግሞ የጋለሪው ሰው ለግድግዳው እንዲመቸው አድርጎ ይሰቅለዋል።

አንድ ቀን ገዢ መጥቶ «ሁለቱን ብቻ ስጡኝ» ይላችኋል። ይህንንም መልስ ከወዲሁ ያዙት፣ ምክንያቱም አሠራራችሁን ይቀይረዋል። የጁሊ ምህረቱ «ሞጋማ» እ.ኤ.አ. በ2012 የተሠራ፣ ከስሙ ጀምሮ ባለ አራት ክፍል የተባለ ሥራ ነው። ክፍሎቹ ዛሬ በተለያዩ ሙዚየሞች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ግዙፍና ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ብቻቸውን ግድግዳ ይሞላሉ። እንዲህ መለያየት የሚችል ሥራ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ሸራ ራሱን እንዲችል አድርጋችሁ ሥሩት። የእኔዎቹ አይችሉም፤ ሁለተኛው ሸራ ላይ የተጀመረ መስመር ሦስተኛው ላይ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ዋጋ ስጠየቅ የምናገረው የአምስቱን አንድ ላይ ነው፣ ሁለት ብቻ የፈለገውንም ሰው ቡና ጋብዤ እሸኘዋለሁ።