ቤንዚን የሚያንጠባጥብ የቮልስ ሳልባትዮ

«በፈረንጆች 1972 የተሠራች ቮልስ 1300 አለችኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ውስጧ ቤንዚን ይሸታል፤ ስታድር ደግሞ ከፊት በኩል መሬቱ ይረጥባል። ሳልባትዮው (የቤንዚን መያዣው) ስለተበሳ በኦክስጅን ይበየድ ተብያለሁ። ምን ይሻለኛል?» ከአዘዞ፣ ጎንደር

አይበየድ፤ ይቀየር። ቤንዚኑ ተገልብጦ ቢያልቅ እንኳ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የተመጠጠው እሳት ሲጠጋው ይተናል። ይህ ትነት ከአየር ጋር ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ከተቀላቀለ ይቀጣጠላል። የቮልስ ሳልባትዮ 40 ሊትር ይይዛል፤ ያን ለማፈንዳት አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ይበቃል። «በውኃ ታጥቧል፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቷል» የሚለው ለሰው ሕይወት ዋስትና አይሆንም። ደግሞም ብየዳው አይበረክትም። ውስጡ የገባ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ የሳልባትዮው ወለል ላይ ተኝቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ አንዱ ቀዳዳ በታየበት ዙሪያው ሁሉ ሳስቷል፤ እሳቱ ሲነካው ይሰፋል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን የሚያፈሰው ራሱ ሳልባትዮው መሆኑን ይለዩ። ሽታው የሚበረታው ሙሉ ሲቀዳ ወይም ቁልቁለት ላይ ስትቆም ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቀኝ በኩል ካለው መሙያ ወደ ሳልባትዮው የሚገባው ወፍራም ጎማ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው የቤንዚን መለኪያ ጓርኒሲዮንም (እንዳያፈስ ሥሩ የሚገባው ማሸጊያ) እንዲሁ። ከግማሽ በታች ሆኖም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ችግሩ ከሥር ነው። ሥሩን በጨርቅ አድርቀው ጠመኔ ይቀቡት፤ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ቀዳዳውን ያሳያል። መውጫው ላይ የተሰካው አጭር ጎማ ብቻ ሆኖ ሳለ ደኅና ሳልባትዮ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቅያሪው እስኪመጣ ድረስ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ከሆነች ደረቅ የልብስ ሳሙና አጥብቀው ይሹባት። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟም፤ ማስቲካን ግን ያላላዋል። ይህ ለጊዜው ብቻ ነው፤ መኪናዋም ክፍል ውስጥ አትደር።

ዕቃው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ የሚታዘዝ ከሆነ በስልክ «የቮልስ» ብሎ መናገር አይበቃም። ኮፋኖውን ከፍተው ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ይዩ። ቀጥ ብሎ ከቆመ መደበኛው ነው፤ ወለሉ ላይ ከተጋደመ 1302 ወይም 1303 የሚባለው የቮልስ ሞዴል ነው፤ የእነዚህ ሳልባትዮ ሌላ ነው። ከፈረንጆች 1968 ሞዴል በፊት ያሉት ደግሞ መሙያቸው ኮፋኖ ሥር ስለሆነ ለእርስዎ አይሆኑም። የአሮጌውን ፎቶ ከላይም ከሥርም አንስተው ይላኩ። ያገለገለ ከሆነ በመለኪያው ቀዳዳ ወለሉን አይተው፣ ቡናማ ቅርፊት ካለበት ይተዉት።

የማውጣቱ ሥራ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የጋራዥ ጉድጓድ ላይ ፈጽሞ አይሥሩ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ ወይም አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብዎ ይኑር። ውኃ አይረዳም፣ ቤንዚኑ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይነድዳል። ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ኔጌቲቩን ይንቀሉ። ከሥር ገብተው ጎማውን ከመውጫው ያላቅቁና ቤንዚኑን መሬት ላይ ባስቀመጡት የብረት ጀሪካን ይቅዱ። ከዚያ ከላይ የመለኪያውን ሽቦ፣ የመሙያውን ጎማና የመተንፈሻውን ቀጭን ቱቦ ያላቅቁ። ሳልባትዮውን የያዙት አራት ቡሎኖች ናቸው፣ በ13 ቁልፍ ይፈታሉ። ዝገት ከያዛቸው ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ያጠጧቸው።

አሮጌው ሲነሳ የተቀመጠበትን ጠርዝ በደንብ ይመልከቱ። በኮፋኖው ጎማ አልፎ የሚገባው የክረምት ዝናብ እዚያ ይቋጥራል፤ ሳልባትዮው ከውጭ የሚዝገውም በዚሁ ነው። ፍቀው፣ ፀረ ዝገት ቀብተው፣ ሲደርቅ አዲስ የጎማ መደብ ያንጥፉበት። የኮፋኖው ጎማ ካልተቀየረ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ቀዳዳዎቹን ደፍነው በአንዱ ቱቦ በአፍ ይንፉና ስፌቱ ላይ የሳሙና አረፋ ይቀቡ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ላሜራውን ያሳብጠዋል። ከዚያ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቀው ይድፉ። የመለኪያውን ጓርኒሲዮን አዲስ ያድርጉ፤ አምስቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፣ አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ ያጣምመዋል።

ጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ አብረው ይቀይሩ፦ ከሳልባትዮው ሥር፣ ካምቢዮው አጠገብ፣ ከፓምፕ እስከ ካርቡራቶር። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለቤንዚን የተሠራ ጎማ 2 ሜትር ይበቃል። ብርሃን የሚያሳልፈውን የውኃ ፕላስቲክ አይግዙ፤ ቤንዚን ያደርቀውና ፋሼታው (የጎማው ማሰሪያ) ሥር ይሰነጠቃል። መሐል ለመሐል የሚያልፈውን የብረት ቱቦ ሁለቱም ጫፍ ተላቅቆ በቀስታ ያስነፉት። የድሮው ዝገት እዚያ ከቀረ በሳምንቱ ፓምፑንና ካርቡራቶሩን ይደፍናል።

መጀመሪያ 5 ሊትር ብቻ ቀድተው ሥሩን በደረቅ ወረቀት ይዳስሱ። ካልረጠበ ይሙሉትና የመሙያውን አንገት ይዩ። ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን) ሞተር ክፍል ውስጥ አይስቀሉት። ክብደቱ ቱቦውን እያወዛወዘ ያላቅቀዋል፤ ቤንዚኑም የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የዚህ ሞተር አካል ማግኒዚየም ያለበት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋት ይከብዳል። ቦታው ከፊት፣ ሳልባትዮው ሥር ነው። ከአንድ ሳምንት መንዳት በኋላ ፋሼታዎቹን እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ጎማ ሲረጋ ይላላል።