ፈንክሽንን ለፈንክሽን ማቀበልና የኮከብ ምልክት፦ የፓይተን ጥያቄና መልስ

ወሎ ላይ ሆናችሁ ፓይተን የምትማሩ፣ ዛሬ ማታ የቸገራችሁን ጠይቁ። ምሳሌዎቹን በአማርኛ ስም እጽፋለሁ፤ ከፓይተን 3 ወዲህ ቫሪያብልንም ፈንክሽንንም በፊደላችን መሰየም ይቻላል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ የተሰጠውን ፈንክሽን በቁጥሩ ልክ የሚጠራ «ደጋግም» የሚል ፈንክሽን አለኝ፤ ደጋግም(ሰላምታ(), 3) ብዬ ጻፍኩ። ሰላምታው አንዴ ብቻ ታየና «ነንታይፕ አይጠራም» የሚል ኢረር መጣ።

መልስ፦ አብሽር፣ ከሰላምታ ኋላ ያለውን ቅንፍ አንሳው። ቅንፍ ካለ ፈንክሽኑ እዚያው ይሠራና የመለሰው ነገር ይተላለፋል። ያንተው ምንም ስለማይመልስ ለደጋግም የደረሰው ባዶ፣ ማለትም «ነን» ነው። ደጋግም(ሰላምታ, 3) ስትል ግን ፈንክሽኑን ራሱን ሰጠኸው፤ መቼ እንደሚጠራው ደጋግም ያውቃል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ፎር ሉፕ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ የባቲን የሰኞ ገበያ እህል ከነዋጋው በሊስት ይዘሻል እንበል። ሶርትድ መደርደር ይችላል፤ በምን እንደሚደረድር ግን የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ ለ«ኪ» በምትሰጪው ፈንክሽን። ዛሬ በዋጋ፣ ነገ በስም ብትፈልጊ የምትቀይሪው እሱን ብቻ ነው። የሊስቱን አባላት አንድ በአንድ የሚለውጠው ማፕና የሚያጣራው ፊልተርም አሠራራቸው ይኸው ነው። ሊስቱን ወደ አንድ ውጤት የሚያጠቃልለውን ሪዱስን ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ፓይተን 3 ራሱ ፈንክቱልስ ወደሚባል ሞጁል አውጥቶታል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኮከቧን (*) አንዴ ፈንክሽን ሲጠራ፣ አንዴ ፈንክሽን በሚፈጠርበት በዴፍ መስመር ላይ አያታለሁ። ሥራዋ አንድ ነው?

መልስ፦ ተቃራኒ ነው። ሲጠራ ትበትናለች፦ ዋጋ = [40, 3] ከሆነ ሒሳብ(*ዋጋ) ማለት ሒሳብ(40, 3) ነው። ኮከቧን ብትረሳ ሊስቱ እንዳለ አንድ አርጉመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ሆኖ ይገባና «ሁለተኛው ጎደለ» ትባላለህ። ዴፍ ላይ ደግሞ የመጣውን ሁሉ በአንድ ታፕል (እንደ ሊስት ያለ ግን የማይቀየር) ትሰበስባለች። ሁለት ኮከብ ለዲክሽነሪ ነው፤ ስትበትነው ቁልፎቹ ዴፍ ላይ ከተጻፉት ፓራሜትሮች ስም ጋር ይግጠሙ።

እኔ በጣም የምወደው ፈንክሽን ማቀበልና ኮከቧ ሲገናኙ ነው። አስኪድ(ሥራ, *ዕቃ) የሚል ፈንክሽን ጽፈህ ውስጡ ሥራ(*ዕቃ) ብትል፣ ሁለትም አምስትም አርጉመንት የሚፈልግ ፈንክሽን ያስኬድልሃል። ዲኮሬተር (ሌላ ፈንክሽን ተቀብሎ ተጨማሪ ሥራ የሚያለብሰው ፈንክሽን) የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እጃችሁ እስኪለምደው ጻፉት።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በሉፕ ውስጥ የፈጠርኳቸው ላምዳዎች (ስም የሌላቸው አጫጭር ፈንክሽኖች) ሁሉ የመጨረሻውን ቁጥር ይመልሳሉ።

መልስ፦ ላምዳ የሚይዘው ቫሪያብሉን ነው፤ ዋጋውን የሚያየው ሲጠራ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሉፑ አልቋል። ላምዳው ላይ ቁ=ቁ ብለህ ዲፎልት ስጠው፣ የየዙሩን ቁጥር ይይዛል።